ሌሎቹ መድፈኞች

የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ሲደውልልኝ ከእኔ ጤና ይልቅ የአርሴናል ጤና ያሳስበዋል። «አክስቴ፣ እዚያው እየኖርሽ ስታዲየሙን አይተሽው አታውቂም?» ብሎ ይቆጣኛል። ስታዲየሙ ከእኔ ቤት ሩቅ ነው፤ እሱ ሰሜን ለንደን፣ እኔ ከቴምዝ ወንዝ ወዲህ፣ ደቡብ ምሥራቅ፣ ዉልዊች። አንድ ነገር ነግሬው ግን ዝም አሰኝቼዋለሁ፦ የሱ መድፈኞች የተወለዱት እኔ ሽንኩርትና ቲማቲም በምገዛበት ሰፈር ነው። በ1886 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እዚህ የነበረው የመንግሥት ጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኞች የኳስ ቡድን መሠረቱ። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ በየታክሲው ተለጥፎ የሚታየው መድፍ የመጣው ከዚያ ነው። የፋብሪካው አሮጌ በር ገበያው አጠገብ እስካሁን ቆሟል፤ ግቢው ግን ውድ አፓርታማ ሆኗል።

ቡድኑ በ1913 ወንዙን ተሻግሮ ወደ ሰሜን ሄደ። በዓመቱ አንደኛው የዓለም ጦርነት ተነሣ። ወንዶቹ ዘመቱ፤ በዚያ በር የሚገባው ሰው መልኩ ተቀየረ። በ1917 ዉልዊች ፋብሪካ ውስጥ የሚሠሩት ሴቶች ከ25,000 በላይ ነበሩ። የእህቴ ልጅ የአርሴናልን ተጫዋቾች ከነተጠባባቂዎቻቸው በቃሉ ይወጣቸዋል፤ ስለ እነዚህ ሴቶች ግን ሰምቶ አያውቅም። እዚሁ ተወልደው ያደጉት የሥራ ባልደረቦቼም ከሱ ብዙ አይሻሉም።

እኔ ነርስ ነኝ። የጉበት ሕሙማን በሚተኙበት ክፍል ረጅም ጊዜ ስለሠራሁ፣ ወደዚህ ታሪክ የገባሁት በታሪክ መጽሐፍ ሳይሆን በሕክምና ጽሑፍ በኩል ነው። በኦገስት 1916 «ላንሴት» በተባለው የሐኪሞች መጽሔት ላይ ሁለት ሴት ሐኪሞች፣ አግነስ ሊቪንግስተን ሊርመንትና ባርባራ ማርቲን ከኒንግሃም፣ በፈንጂ ፋብሪካ የሚሠሩ ሴቶች ላይ ያዩትን ጻፉ። ጽሑፉ ስለ አገር ፍቅርም ስለ ጀግንነትም አያወራም። የሚያወራው ስለ ሆድ ቁርጠት፣ ስለ ጉሮሮ፣ ስለ ቆዳ ሽፍታ፣ ስለ ማቅለሽለሽና ስለ ወፍ በሽታ ነው። ለእኔ የሚገባኝ ቋንቋ ይህ ነውና ከዚያ ተነሥቼ ወደ ኋላ ማንበብ ጀመርኩ።

«ጦርነቱ ሴቶችን ከቤት አወጣቸው» የሚለው አባባል እዚህ አገር በየትምህርት ቤቱ ይነገራል። እኔ አልስማማም። ብዙዎቹ የወጡት ከቤት አይደለም፤ ከሰው ቤት ነው። ጦርነቱ ሳይጀመር በፊት በብሪታንያ ከአምስት ሚሊዮን በላይ ሴቶች ደመወዝተኞች ነበሩ። ከእነዚህ ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ የሚሆኑት የቤት ሠራተኞች ናቸው። ከቀሩት ብዙዎቹ ደግሞ በጥጥ ፋብሪካ፣ በልብስ ስፌትና በልብስ እጥበት ቤት ይሠሩ ነበር። በጦርነቱ ዓመታት ወደ 400,000 የሚጠጉ ሴቶች የቤት ሠራተኝነትን ጥለው ሄዱ። ሰው ቤት መሥራት ምን እንደሆነ ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አይጠበቅብኝም፤ ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ እሳት ማንደድ፣ ማታ የመጨረሻው ሰው እስኪተኛ መቆም፣ ለአንዲት የዕረፍት ቀን ደጅ መጥናት። ደመወዙ ለብዙዎቹ በሳምንት ጥቂት ሽልንግ ነው።

ደግሞም ጦርነቱ በኦገስት 1914 ሲጀመር (ዳግማዊ ምኒልክ ካረፉ ገና ዓመት አልሞላም ነበር) መጀመሪያ ያደረገው ሴቶችን ሥራ ማስፈታት ነው። ሀብታሞች ቀሚስና ባርኔጣ ማሰፋት ተዉ፤ ልብስ ሰፊዎቹ ተበተኑ። ጥጥና ገበያ የተቋረጠባቸው ፋብሪካዎች ሠራተኛ ቀነሱ። በምሥራቅ ለንደን ባሏ የዘመተ፣ የመንግሥት ድጎማ ያልደረሳት፣ ራሷም ሥራ የፈታች እናት በየቤቱ ነበረች።

በዚያ ሰፈር አንዲት ሴት የአሻንጉሊት ፋብሪካ ከፈተች። ከጀርመን ይመጣ የነበረው አሻንጉሊት በጦርነቱ ምክንያት ስለቆመ፣ ሥራ የፈቱትን ሴቶች ሰብስባ አሻንጉሊት አሠራቻቸው። በርካሽ የሚበላበት ምግብ ቤትም አቋቋመች። ይህች ሴት ሲልቪያ ፓንክኸርስት ናት። አዎ፣ የእኛዋ ሲልቪያ፤ ጣሊያን አገራችንን ሲወር በጋዜጣዋ የጮኸችልን፣ በኋላም አዲስ አበባ መጥታ ኖራ በ1960 አርፋ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የተቀበረችው፣ የፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክኸርስት እናት። ስሟን ከማይጨው ጋር ብቻ አያይዤ ስላደግሁ፣ እዚህ የጥይት ሠራተኞች ታሪክ ውስጥ ሳገኛት ዘመድ ያገኘሁ ያህል ነው ደስ ያለኝ።

ወደ 1915 እንምጣ። በሜይ ወር የእንግሊዝ ጦር ፈረንሳይ ውስጥ ኦበርስ ሪጅ በተባለ ቦታ አጥቅቶ ከባድ ኪሳራ ደረሰበት። «ዘ ታይምስ» ጋዜጣ ምክንያቱ የመድፍ ጥይት እጥረት ነው ብሎ ጻፈ፤ አገር ታመሰ፤ መንግሥት ተናግቶ ጥምር መንግሥት ሆነ። የጦር መሣሪያ ምርት ሚኒስቴር ተቋቁሞ ዴቪድ ሎይድ ጆርጅ ተሾመበት። ችግሩ ግልጽ ነበር፤ ቶርኖ ከሚያውቁት ወንዶች ብዙዎቹ ምሽግ ውስጥ ናቸው። ሰው ያስፈልጋል፤ ሰው የተባለችው ደግሞ ሴቷ ናት።

ጁላይ 17 ቀን 1915 በዝናብ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶች «የማገልገል መብታችን ይከበር» እያሉ ለንደን ላይ ሰልፍ ወጡ። ሰልፉን የመራችው የሲልቪያ እናት፣ ለሴቶች የመምረጥ መብት ስትታገል ደጋግማ የታሰረችው ኤመሊን ፓንክኸርስት ነበረች። ያልተነገረው ነገር የሰልፉን ወጪ የሸፈነው ራሱ መንግሥት መሆኑ ነው። ትናንት ያሰራት መንግሥት ዛሬ ባንዲራ ገዛላት። ልጇ ሲልቪያ ጦርነቱን ከመጀመሪያው ስለተቃወመች ከእናቷ ጋር ተራርቀው ነበር። እናቲቱ «ሥራ ስጡን» ስትል፣ ልጅቱ «በስንት?» ብላ ለሎይድ ጆርጅ ደብዳቤ ጻፈች፤ ወንዱን የተካች ሴት የወንዱን ያህል ይከፈላታል ወይ?

ሚኒስትሩ የመለሰው መልስ ብልጠት አለበት። በፍሬ ለሚከፈል ሥራ፣ ማለትም በተሠራው ጥይት ቁጥር ልክ ለሚከፈለው፣ ሴቷ እኩል ታገኛለች አለ። በሰዓት ወይም በቀን ስለሚከፈለው ግን ቃል አልገባም። አዲስ ገብታ እጇ ያልፈታ ሠራተኛ ደግሞ በፍሬ የምታገኘው ትንሽ ነው፤ በዚያ ላይ ብዙው ሥራ የሚከፈለው በሰዓት ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ገደማ የወንድን ተራ ሥራ ለምትሠራ አዋቂ ሴት በሳምንት 1 ፓውንድ፣ ማለትም 20 ሽልንግ፣ ተወሰነ። የባለሙያ ወንድ ሥራ ሙሉውን ከሠራች እኩል ይከፈላት ተባለ። አሠሪዎች ሥራውን በታተኑት፤ ቶርኖውን የሚያስተካክለው ወንድ፣ የምታንቀሳቅሰው ሴት። ስለዚህ «ሙሉውን» ሠራች የምትባል ሴት ብዙም አልተገኘችም። የሴት ሠራተኞች ማኅበር መሪዋ ሜሪ ማክአርተር ከሚኒስቴሩ ጋር ስትነታረክ የኖረችው በዚህ ነው። ትልቁ የመሐንዲሶች ማኅበር ደግሞ ሴት በአባልነት አይቀበልም ነበር።

እንዲያም ሆኖ 20 ሽልንግ ለአንዲት የቤት ሠራተኛ ሕልም ነው። ሄደው ተመዘገቡ። ምዝገባው ግን ሌላ ሰንሰለት ነበረው። በጁላይ 1915 የወጣው የጦር መሣሪያ ሕግ በእነዚህ ፋብሪካዎች አድማ ከለከለ፤ አሠሪው የመልቀቂያ ወረቀት ካልሰጠ በቀር ሥራውን ለቅቆ የወጣ ሰው ለስድስት ሳምንት ሌላ ቦታ እንዳይቀጠር አደረገ። ስድስት ሳምንት ያለ ደመወዝ መቀመጥ የሚችል ደሃ የለም።

አሁን ወደ ውስጥ እንግባ። በሩ ላይ ፍተሻ አለ፤ ፈታሾቹ ሴት ፖሊሶች ናቸው። ብረት ያለበት ነገር ሁሉ ይወጣል፤ የፀጉር ሽቦ፣ የጆሮ ጌጥ፣ የልብስ መርፌ፣ በዘመኑ ሴቶች ወገባቸውን የሚያጠብቁበት ባለ ብረት ልብስ። አንዲት የብረት ቁራጭ ወለል ላይ ወድቃ ብልጭ ብትል የባሩዱ ቤት ይነሣል። የጋብቻ ቀለበቷን ማውለቅ ያልፈለገች ሴት በክር ጠቅልላ ትገባለች። ክብሪት ወይም ሲጋራ በኪሷ የተገኘባት ፍርድ ቤት ትቀርባለች፤ ረስታው ቢሆንም ትቀጣለች፤ የታሰሩም አሉ። ከዚያ በኋላ ቱታና ቆብ አድርጋ፣ ሌላ ጫማ ቀይራ፣ ወለሉን የሚከፍለውን አጥር ተሻግራ ወደ ንጹሑ ወገን ትገባለች። የውጭ ጫማ አጥሩን ማለፍ አይችልም። እኛ ቀዶ ጥገና ክፍል ስንገባ የምናደርገውን ይመስላል፤ ልዩነቱ እኛ የምንጠብቀው ሕመምተኛውን ነው፣ እነሱ ዘንድ የሚጠበቀው ጥይቱ ነው።

በየፋብሪካው ያለው ሥራ አንድ ዓይነት አልነበረም። ቀለህ በቶርኖ የሚያስተካክሉ፣ ክሬን የሚነዱ፣ ፊውዝ የሚገጣጥሙ፣ የጥይቱን ልክ በመለኪያ የሚመረምሩ ነበሩ። የጤናው ነገር የከፋው ጥይት በሚሞላበት ክፍል ነው። ባዶው ቀለህ ይመጣል፤ ቲኤንቲ የተባለው ፈንጂ፣ ብቻውን ወይም አሞኒየም ናይትሬት ከሚባል ጨው ጋር ተቀላቅሎ፣ ይሞላበታል። ዱቄቱ ቢጫ ነው፤ አየር ላይ ይበናል፣ እጅ ላይ ይጣበቃል።

ቆዳቸው ቢጫ ሆነ። ከቆቡ ሾልኮ የወጣው የግንባር ፀጉራቸው ወደ ብርቱካንማ ተቀየረ። ትራሳቸው፣ አንሶላቸው ቢጫ ሆነ። ሰው «ካናሪ» ይላቸው ጀመር፤ ካናሪ እንግሊዞች በቤታቸው የሚያሳድጓት ቢጫ ወፍ ናት። ከዓመታት በኋላ ድምፃቸው የተቀዳ አሮጊቶች ቢጫ ሆነው ስለተወለዱ ሕፃናት ተርከዋል፤ ቀለሙ ቀስ በቀስ ለቀቀ ይላሉ።

እዚህ ላይ የሙያዬን ነገር ልናገር። ሁለት ዓይነት ቢጫ አለ። አንዱ ከውጭ የመጣ ቀለም ነው፤ ዱቄቱ ቆዳውን ነክሮት ነው፣ ሥራውን ሲተዉ ይለቃል። ሌላው ከውስጥ የመጣ ነው፤ ጉበት ሲታመም የሚመጣው። የሚለየው በዓይን ነው። የዓይኗ ነጭ ክፍል ነጭ ከሆነ ቀለም ነው፤ እሱም ቢጫ ከሆነ ጉበቷ አደጋ ላይ ነው። ሺህ ቢጫ ሴት ባለበት ፋብሪካ ውስጥ በእውነት የታመመችውን አንዲቷን ለይቶ ማውጣት ምን ያህል ከባድ እንደሚሆን ሳስበው እነዚያን ሐኪሞች አደንቃለሁ። ሴቶቹ ደግሞ ሕመማቸውን ይደብቁ ነበር፤ ከክፍሉ የወጣች ሠራተኛ ደመወዟ ይቀንሳልና። ይህንን የማንም አገር ነርስ ታውቀዋለች።

በጃንዋሪ 1916 በቲኤንቲ የሚመጣው የጉበት መመረዝ ለመንግሥት ሪፖርት የሚደረግ በሽታ ሆነ። ከዚያ እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ ወደ 400 ሰው መታመሙ ተመዘገበ፤ ከ100 በላይ ሞቱ። ከታመሙት ከአራቱ አንዱ ማለት ነው። መጀመሪያ ላይ መርዙ የሚገባው በአፍና በአፍንጫ ነው ተብሎ ታስቦ ነበርና መተንፈሻ መሸፈኛ ላይ ተደከመ። በኋላ ግን ዋናው መግቢያ ቆዳ መሆኑ ታወቀ፤ ላብ ያለበት እጅ መርዙን ይጠጣዋል። ያኔ ሠራተኞችን ከክፍል ክፍል ማፈራረቅ፣ የእጅ መታጠቢያ ማብዛት፣ ሐኪም በየጊዜው እንዲያያቸው ማድረግና ሥራውን በማሽን መተካት ተጀመረ። የሚታመመውም የሚሞተውም ቁጥር በ1918 በጣም ወረደ። በጦርነቱ መሀል የተገኘ የሕክምና ድል ነው፤ ሐውልት ግን የለውም።

ወተትም ይሰጣቸው ነበር። ሊድስ አጠገብ ያለው ባርንቦ የተባለው ፋብሪካ የራሱ ላሞች ነበሩት። ወተት መርዝ ያረክሳል የሚለው እምነት እኛም አገር ቀለም ቀቢና ባትሪ ሠሪ ዘንድ አለ። ጉበትን ከቲኤንቲ አያድንም፤ ነገር ግን ጦም ውላ ለምትሠራ ልጅ ምግብ ነው። በየፋብሪካው የተከፈቱት መመገቢያ አዳራሾችም እንደዚሁ፤ ትኩስ ምግብ በቀን አንዴ መብላት ለብዙዎቹ አዲስ ነገር ነበር።

ይህንን ሁሉ እዚህ ቤተ ክርስቲያን ለምናውቃቸው አንዲት እናት አጫውቻቸው ነበር። በወጣትነታቸው አቃቂ ጨርቃ ጨርቅ በፈረቃ ሠርተዋል። ስለ ቢጫው ቆዳ፣ ስለ ፍተሻው ሳወራ በጸጥታ ሰሙኝና «የኔ ልጅ፣ ሕፃኑን ማን ይይዝላቸው ነበር?» አሉኝ። የታሪክ መጽሐፎቹ ገጽ ሙሉ ስለ ጥይት ቁጥር ጽፈው ይህንን በአንድ መስመር ያልፉታል። ሚኒስቴሩ ለአንዳንድ የሕፃናት ማቆያዎች ገንዘብ ሰጥቷል። አብዛኞቹ እናቶች ግን በአያትና በጎረቤት ነበር የተጠጉት። በሌሊት ፈረቃ 12 ሰዓት ሠርታ የገባች እናት ቀን ልጆቿን ይዛ ትንሽ አሸልባ ማታ ትመለሳለች። ሲልቪያ እዚህም አለች። በምሥራቅ ለንደን ቦው ሰፈር ውስጥ የተዘጋ መጠጥ ቤት ተከራይታ በ1915 የእናቶችና የሕፃናት ክሊኒክና ማቆያ አደረገችው። የመጠጥ ቤቱ ስም «የጠመንጃ ሠሪዎች ክንድ» ነበር፤ «የእናቶች ክንድ» አለችው። ለእኚያ እናት ይህንን ስነግራቸው «ሥላሴ ያለችው ናት አይደል? ነፍሷን ይማር» አሉ።

ስለ ሰዓቱም አንድ ነገር ልጨምር። የሠራተኞቹን ጤና እንዲያጠና የተቋቋመ ኮሚቴ ረጅሙን ሰዓትና የእሑድ ሥራን መረመረ። ያገኘው ነገር አለቆቹን አስገረመ፤ ሰዓት ሲቀነስ ምርቱ አልወረደም፣ እንዲያውም በአንዳንድ ክፍሎች ጨመረ። የደከመ ሰው ማሽኑ አጠገብ ይቆማል እንጂ አይሠራም። ይህ ከመቶ ዓመት በፊት ተለክቶ የታወቀ ነው፤ የእኔን የሌሊት ተራ የሚያወጡት ሰዎች ቢያነቡት ደስ ይለኛል።

ትልቁ ፋብሪካ በእንግሊዝና በስኮትላንድ ድንበር ላይ የተሠራው ግሬትና ነው። ርዝመቱ ወደ 14 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ የራሱ ባቡር፣ የራሱ ከተማ ነበረው፤ ከ11,000 በላይ ሴቶች ሠርተውበታል። እዚያ የሚሠራው ኮርዳይት ነው፤ ጥይቱን ከመድፉ አፍ የሚያስወነጭፈው ባሩድ። ናይትሮግሊሰሪን ከተባለው ፈሳሽ ፈንጂና በአሲድ ከታሸ ጥጥ የሚቦካ ሊጥ ነው፤ ሴቶቹ በእጃቸው ያሹት ነበር። የሼርሎክ ሆምስ ደራሲ አርተር ኮናን ዶይል ፋብሪካውን ጎብኝቶ ሲጽፍ ሊጡን «የሰይጣን ገንፎ» አለው፤ ስሙ ቀረበት። በነገራችን ላይ ግንበኞቹ ደመወዝ በተቀበሉ ማታ እየሰከሩ ስላስቸገሩ መንግሥት የአካባቢውን መጠጥ ቤቶች በሙሉ ገዛቸው። ጦርነቱ ካለቀም በኋላ እስከ 1970ዎቹ ድረስ የእንግሊዝ መንግሥት በዚያ አውራጃ ጠጅ ቤት ጠባቂ ሆኖ ኖረ።

ፍንዳታዎቹን አጠር አድርጌ አልፋለሁ ብዬ ነበር፤ ባርንቦ ግን አይታለፍም። ዲሴምበር 5 ቀን 1916 ነው፤ በእኛ አገር የሰገሌ ጦርነት ከተደረገ ወር ብዙም አላለፈም። የሌሊቱ ፈረቃ ገና መግባቱ ነው። 42ኛው ክፍል ውስጥ ፈንጂ የተሞሉ ጥይቶች ላይ ፊውዝ ይገባል፤ ከዚያ በማሽን ክዳናቸው ይጠብቃል። ከምሽቱ አራት ሰዓት ተኩል ሊሆን ሲል አንዱ ፈነዳ፤ 35 ሴቶችና ልጃገረዶች ሞቱ። አንዳንዶቹ የታወቁት አንገታቸው ላይ ባለው መለያ ብቻ ነው። ሥራው የቆመው ለአጭር ጊዜ ነበር፤ ሌሎች ሴቶች ገብተው ማሽኖቹ አጠገብ ቆሙ። ጋዜጦች እንዳይጽፉ ተከለከሉ። ጎረቤት የሚያውቀው ነገር ቢኖር የሐዘን ማስታወቂያዎች በአንድ ሳምንት መብዛታቸው ነው፤ ሁሉም «በድንገተኛ አደጋ» ይላሉ። ለቅሶ ያለ ምክንያት መቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ እኛ ኢትዮጵያውያን ስለምናውቅ ይህ ከፍንዳታው በላይ አሳዝኖኛል።

በጃንዋሪ 1917 ከዉልዊች ብዙም በማይርቀው፣ ከወንዙ ማዶ ባለው ሲልቨርታውን ቲኤንቲ የሚያጣራ ፋብሪካ ፈንድቶ 73 ሰው ሞተ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶች ተጎዱ። በጁላይ 1918 ኖቲንግሃም አጠገብ ቺልዌል ውስጥ 134 ሰዎች፣ ወንድም ሴትም፣ አለቁ፤ ማንነታቸው የታወቀው 32ቱ ብቻ ናቸው። ሜብል ሌትብሪጅ የምትባል የ17 ዓመት ልጅ ደግሞ በ1917 ሄይስ በተባለው ፋብሪካ ጥይት ስትሞላ ግራ እግሯን አጣች። መንግሥት ኒሻን ሰጣት። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ በሰው ሠራሽ እግሯ እያነከሰች፣ ቲያትር ለመግባት ለሚሰለፈው ሰው በርጩማ እያከራየች ኖራለች። ኋላ የቤት አከራይና አሻሻጭ ድርጅት ከፍታ ሰው ሆናለች።

ለእህቴ ልጅ ስል ኳሱንም ላንሳ። በየፋብሪካው ሴቶች በምሳ ሰዓት ኳስ መምታት ጀመሩ፤ አለቆች ለጤናም ለሥራ ፍላጎትም ጥሩ ነው ብለው ፈቀዱ። የፕሬስተን ከተማ ፋብሪካ ቡድን፣ ዲክ ኬር፣ በ1917 የገና ዕለት ለቁስለኞች ገንዘብ ለማሰባሰብ ሲጫወት 10,000 ሰው አየው። በ1920 በገና ማግስት ሊቨርፑል ውስጥ ጉዲሰን ፓርክ ላይ 53,000 ሰው ገባ። በ1921 ዲሴምበር የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ጨዋታው ለሴቶች አይስማማም ብሎ የአባል ክለቦቹን ሜዳዎች ዘጋባቸው። ክልከላው የተነሣው ከ50 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። የእህቴ ልጅ ይህን ሲሰማ «አክስቴ፣ ታዲያ አርሴናል ሴቶች ያን ሁሉ ዋንጫ እንዴት በላ?» አለኝ፤ ሜዳው ሲከፈትለት ነዋ።

ኖቬምበር 11 ቀን 1918 ጦርነቱ ቆመ። ጥይት የሚፈልግ የለም። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሴቶቹ በመቶ ሺዎች ተሰናበቱ። ከዉልዊችም ከሌላም የመጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ወደ ፓርላማ በሰልፍ ሄደው ሥራ ጠየቁ። መንግሥት ለጊዜው ለሥራ ፈቶች ድጎማ ሰጠ፤ ለወንድ በሳምንት እስከ 29 ሽልንግ፣ ለሴት እስከ 25። ግን ወጥመድ ነበረበት። ሥራ አገናኝ ቢሮው የቤት ሠራተኝነት ሲያቀርብላት እምቢ ያለች ሴት ድጎማው ይቋረጥባታል። ቶርኖ ላይ ሦስት ዓመት የቆመችውን፣ ክሬን የነዳችውን፣ የሰው ሽንት ቤት ወደ ማጠብ ሂጂ አሏት። በዚያ ሰሞን ጋዜጦች «የወንዱን እንጀራ የያዙ» እያሉ ይወቅሷቸው ጀመር፤ ትናንት ፎቶግራፋቸውን በፊት ገጽ ያወጡት እነዚያው ናቸው። በ1919 ፓርላማው የቅድመ ጦርነቱ አሠራር እንዲመለስ ሕግ አወጣ፤ ለወንዶቹ ማኅበራት በ1915 የተገባላቸው ቃል ነበርና። በ1921 ሕዝብ ሲቆጠር ከሴቶች ውስጥ ደመወዝ የሚያገኙት ድርሻ በ1911 ከነበረው አልበለጠም።

«ድምፅ የመስጠት መብት አገኙ አይደል?» የሚለኝ ሰው አለ። በ1918 መብቱ የተሰጠው 30 ዓመት ለሞላቸውና ራሳቸው ወይም ባሎቻቸው የንብረት መስፈርቱን ለሚያሟሉ ሴቶች ነው። ጥይት የሞሉት አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው። 21 ዓመት የሞላት ሴት ሁሉ እንደ ወንዱ መምረጥ የቻለችው በ1928 ነው።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ መንግሥት በልመና ብቻ አልተወሰነም። በዲሴምበር 1941 ያላገቡ ሴቶችን በሕግ መመልመል ጀመረ፤ ዉልዊችም እንደገና በሴት ተሞላ። በቲኤንቲ የሚሞተው በጣም ጥቂት ሆነ፤ የ1916ቱ ሐኪሞች ሥራ ፍሬ አፍርቷል። ሂሳቡ ግን እንደ ድሮው ነበር። በቦምብ የቆሰለች ሴት ካሣዋ ከቆሰለው ወንድ በሳምንት 7 ሽልንግ ያንስ ነበር። አንዲት እግሯን ያጣች ሴት የእግሯ ዋጋ ከወንዱ እግር ለምን እንደሚያንስ ፓርላማ ውስጥ ያሉ ሴቶች ሲከራከሩ ቆይተው በ1943 እኩል ሆነ። በዚያው ዓመት የመሐንዲሶቹ ማኅበር ለመጀመሪያ ጊዜ ሴቶችን በአባልነት መዘገበ። ሲልቪያ በ1915 «በስንት?» ብላ የጠየቀችው የደመወዝ ጥያቄ ግን በሕግ መልስ ያገኘው በ1970 ነው፤ ሕጉም ሥራ ላይ እንዲውል አሠሪዎች እስከ 1975 መጨረሻ ጊዜ ተሰጣቸው።